የአቶ ያዕቆብ ሰላምታ

በጋምቤላ ከተማ እኔን ኩራተኛ ናት ብሎ የሚያማ ሰው አልነበረም። ቀዳዳ አልሰጠሁማ። የማውቀውንም የማላውቀውንም፣ በእግሩ የሚሄደውንም ባጃጅ ላይ ያለውንም፣ ሁሉንም ሰላም እላለሁ። እጄን ከፍ፣ አንገቴን ዝቅ፣ ጥርሴን ገለጥ። የጤና ጣቢያችን ሰዎች ስለ ትሕትናዬ አውርተው አይጠግቡም ነበር። ትሕትና መስሏቸው ነው። እኔ እንደሆንኩ አላይም።

ግራ ዓይኔ ስድስት ተኩል፣ ቀኙ ሰባት ነበር፤ ሁለቱም ከዜሮ በታች። ቁጥሩ ለማይገባው ሰው ባጭሩ፣ ከፊቴ አንድ ክንድ ያለፈ ነገር ሁሉ ጉም ነው። ቅርቡን ግን ማንም አይችለኝም። የመድኃኒት ባለሙያ ስለሆንኩ ሌላው የሚጨናበስበትን የብልቃጥ ጽሑፍ አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ በአንድ ትንፋሽ አነበዋለሁ፤ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረኝም። መነጽር አለኝ። ሥራ ቦታ ከመስኮቱ ጀርባ አደርገዋለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ሰው ለማንበብ ነው እላለሁ። ደጅ ስወጣ ወደ ቦርሳዬ ይገባል። አንደኛ የጋምቤላ ሙቀት ነው፤ አምስት እርምጃ ሳልራመድ በላብ ተንሸራቶ ከንፈሬ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ ወፍራም መስታወት ኋላ ዓይኖቼ ሁለት የምስር ፍሬ ያህላሉ። በአገሬ በመቲ ተማሪ ሳለሁ "ጠርሙስ" እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል እንደገና ጠርሙስ መባል አልፈለግሁም።

እዚህ ከተማ ደግሞ ሰውን ሰላም ሳይሉ ማለፍ ቀላል ጥፋት አይደለም። "አየችኝና ዘጋችኝ" ከተባለ አለቀ፤ ሰው መሀል ገብቶ ካላስታረቀ አይበርድም። ማን ማን እንደሆነ የማታውቅ ሴት ታዲያ ምን ታድርግ? ሁሉንም ሰላም ትላለች። ሁለት ዓመት እንዲሁ ኖርኩ። ከልብስ ሱቁ በር ላይ ቀሚስ ለብሳ የምትቆመውን የፕላስቲክ ሴት ስንት ጊዜ "እንዴት ዋልሽ እህቴ" እንዳልኳት እግዜር ይቁጠረው።

ጣጣው የጀመረው ከመቲ ተዛውሬ በመጣሁበት ሳምንት ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ያዕቆብ ረጅም ሰው ናቸው፤ ስኳር ስላለባቸው በየማለዳው በባሮ ዳር በእግራቸው እንደሚንሸራሸሩ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ገና የሙከራ ጊዜዬ ላይ ነኝ፤ በመልካም ዓይን እንዲያዩኝ እፈልጋለሁ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ ከድልድዩ አጠገብ፣ ወንዙ ዳር፣ ባርኔጣ ያደረገ አንድ ረጅም ነገር ቆሞ አየሁ። አለቃዬ ናቸው ብዬ ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩና በሁለት እጄ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ እንደምን አደሩ አልኩ። ስለ ጤናቸው ጠየቅሁ። ስለ ቤተሰባቸው ጠየቅሁ። ረጅሙ ነገር ባርኔጣውን አነሳ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሳልስቱም እንዲሁ፣ ሦስት ወር ሙሉ።

አለቃዬ አልነበሩም። ኦቻን ነበር። ባሮ ውስጥ በቁጥር የተሰመረ ረጅም ብረት ተተክሏል፤ ኦቻን ጠዋትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውኃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ አንብቦ የሚመዘግብ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከአቦቦ ተዛውሮ ከመጣ ጥቂት ቀኑ ነበር፤ ዘመድ የለው፣ የሚያውቀው የለው። ያን ሰሞን አባቱ ሞተውበታል። እና በማያውቀው ከተማ፣ በየማለዳው፣ አንዲት ሴት ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ጎንበስ እያለች ጤናውን ትጠይቀዋለች።

አንድ ቀን ባርኔጣው ወደ እኔ መጣ። ክንድ ያህል ሲቀረው ፊት ሆነ፤ እንዴት ያለ ፊት። ስሙን ነገረኝና፣ ቀስ ብሎ፣ ይህን ያህል የማከብረው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። መልሱ "አለቃዬ መስለኸኝ ነው" ነበር። እስቲ እናንተ በዚያ ፊት ላይ በሉት።

"ፊትህ ደስ ብሎኝ ነው" አልኩት።

ፊቱን ገና ያን ደቂቃ ማየቴ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን መገመት አያቅትም። ተዋደድን። ማታ ማታ ባሮ ዳር ስንንሸራሸር ክንዱን ጥብቅ አድርጌ እይዛለሁ፤ ግማሹ ፍቅር ነው፣ ግማሹ ቦይ ውስጥ እንዳልገባ ነው። እሱ ዓይኑ ለጉድ ነው፤ ከድልድዩ ላይ ሆኖ ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር ያነባል። አንድ ምሽት ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያውልሽ አዞ" ሲለኝ፣ በጣቱ ወዳሳየኝ አቅጣጫ ወይም ወደዚያ አካባቢ ዞሬ "እንዴት ያምራል" አልኩ። ትንሽ ቆይቶ አዞ ያምራል የሚል ሰው ሲያጋጥመው የመጀመሪያው መሆኑን ነገረኝ። እንዲህ ያለ ስህተቴን ሁሉ ልዩ ሰው ስለሆንኩ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ይባስ ብሎ ቤተክርስቲያናቸው ውስጥ ማይክ ይዞ መሰከረ። ማንም በማያውቀኝ ከተማ፣ ልቤ በተሰበረበት ወራት፣ ጌታ አንዲት ሴት ከሩቅ ፊቴን እንድታይ አደረገ አለ። ከአባቱ ሞት በኋላ ከአቦቦ ያመጣቸው እናቱ እማማ አባንግ አለቀሱ፤ መዘምራኑ ዘመሩ። ይህን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ነርሷ ኛጃል ናት። ኛጃል የዓይኔን ነገር የምታውቅ ብቸኛ ሰው ስለሆነች ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምታወራው።

"መቅዲ፣ ያንቺ ውሸት አሁን አግብቷል" አለችኝ። "ልጅ ሳይወልድ ንገሪው።"

ልነግረው ብዙ ጊዜ ተነስቻለሁ። ግን ምን ብዬ? ሰውየው ፍቅሩን ሁሉ የገነባው በዚያች ሰላምታ ላይ ነው። ያች ሰላምታ የሌላ ሰው ናት ካልኩት ምን ይተርፈዋል? ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌ መቲ ለአባቴ ሊልክ ነው። ከተጋባን ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ መነጽር የት ይደበቃል? በዓይን ውስጥ የሚደረገውን መነጽር ሞክሬ ነበር፤ በአቧራውና በሙቀቱ ዓይኔ ቲማቲም መሰለና አወለቅሁት።

የቆረጠልኝ አንድ ዓርብ ነው። ከሥራ ስወጣ ከበሩ ውጭ ረጅም ሰው ባርኔጣ አድርጎ ቆሟል። ኦቻን ሊወስደኝ መጥቶ ነው ብዬ ክንዱን ያዝኩ፤ ራሴን ትከሻው ላይ ጣል አድርጌ "የኔ ቆንጆ፣ አስጠበቅሁህ?" አልኩ። ክንዱ ደረቀ። ቀና ብዬ ፊቱን ባቀርበው አቶ ያዕቆብ ናቸው። መጀመሪያ ኦቻንን ያዕቆብ፣ አሁን ያዕቆብን ኦቻን አደረግሁ ማለት ነው። አዞረኝ አልኳቸውና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ደግ ሰው ናቸው፤ የሦስት ቀን የሕመም ፈቃድ ጻፉልኝ።

በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ ወሰንኩ። አዲስ አበባ ሄጄ በሌዘር እሠራለሁ። ዓይኔ ከተሠራ ከሩቅ የምታየው ሴት እሆናለሁ፤ ከሩቅ የምታይ ሴት ከሆንኩ ደግሞ ውሸቴ ወደ ኋላ ተመልሶ እውነት ይሆናል። እንዴት አትበሉኝ፤ ፍቅር የያዘው ሰው ሒሳብ እንደዚያ ነው። ለኦቻን የመድኃኒት አያያዝ ስልጠና አለኝ አልኩት። የመንግሥት ሠራተኛ ስልጠና አለኝ ሲል የማያምን የለም፤ አበሉ ስንት ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም።

አዲስ አበባ ታላቅ እህቴ ወርቅነሽ ተቀበለችኝ። ወርቅነሽ ለሁሉም ነገር መፍራት የምትወድ ሴት ናት። ሌዘሩ ዓይኔን አልፎ አንጎሌን እንዳይበሳው ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቤቷ ድረስ ስታስጠነቅቀኝ መጣች። እኔም በጤና ሙያ ውስጥ ነኝ እያልኩ ሳጽናናት ቆይቼ ማታ ተኝቼ ይኸው ሐሳብ እኔኑ ያዘኝ።

የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ብቻ ነው። አገጬን አንድ ብረት ላይ አስደግፈው በየመሣሪያው አዞሩኝ፤ አንዱ ነፋስ ይተፋል፣ አንዱ ክብ ክብ መብራት ያሳያል፣ አንዱ የዓይኔን ፊት እንደ ካርታ ይስላል። ከእኔ በፊት የገባችው ልጅ እያለቀሰች ወጣች። የዓይኗ ፊተኛው መስታወት ስስ ሆኖ ተገኝቶ አይሆንልሽም ብለዋት ነው። እኔንም ቢመልሱኝ ምን ይዤ ነው ኦቻን ፊት የምቆመው?

ሐኪሟ ዶክተር ሜላት ትባላለች፤ ቀስ ብላ የምታስረዳ፣ የማትቸኩል። ውፍረቱ ይበቃል አለችኝ፤ ቁጥሩም ሁለት ዓመት ሳይለወጥ ቆይቷል፤ ዓይኔም እምብዛም ደረቅ አይደለም። ቀጥላ የማትሰጠኝን ነገረችኝ። ፍጹም ዓይን ቃል አልገባልሽም፣ ትንሽ ቁጥር ሊቀር ይችላል። ለጥቂት ወራት ዓይንሽ ይደርቃል፣ ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት ታያለሽ። አርባን ስታልፊ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው የማንበቢያ መነጽር ትገዣለሽ። ጥያቄ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። አንድ ብቻ ነበረኝ፤ አርባ እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው ፊቱ ይታየኛል ወይ? ለምን አርባ አለች። ነገርኳት። ከአቶ ያዕቆብ ጀምሬ እስከ አዞው። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ እስኪበቃት ሳቀች፤ ደጅ የተሰለፈው ሕመምተኛ ምን እንደመሰለው አላውቅም።

ሥራው ራሱ ከመጠበቁ ያጥራል። ጋደም አደረጉኝና የሚያደነዝዝ ጠብታ ጨመሩልኝ፤ የዓይኔን ቆብ በትንሽ ብረት ከፍተው ያዙት። ብጨፍንስ፣ ባስነጥስስ ብዬ ነበር የምሰጋው፤ መጨፈን አይቻልም፣ ማስነጠስም ሲፈሩ አይመጣም። ብንቀሳቀስ መሣሪያው ራሱ ያቆማል አለችኝ ዶክተር ሜላት፤ አንቺ ብቻ መብራቱን እዪ። አንድ ነገር ዓይኔን ጫን አለው፤ ለጥቂት ሰከንድ ሁሉ ጨለመ፤ አልዋሽም፣ የሰማይ አባቴን ጠራሁ። ያኔ ነው የዓይን ፊት ላይ ስስ ክዳን የሚከፈተው። መልሶ መብራቱ መጣ፤ ብዥ ያለ፣ የሚበተን አረንጓዴ። መሣሪያው ጣ ጣ ጣ ማለት ጀመረ፤ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ማን ነው የሚቃጠለው ልል ስል እኔ ነኝ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ክዳኑን መልሳ ከደነችው፣ ወደ ሌላው ዓይን ዞረች። ስነሳ ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር፤ እንፋሎት በሞላበት ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ሆኖ፣ ግን ሰዓት ነበር።

ከዚያ ማቃጠሉ መጣ። አንድ ኩንታል ሽንኩርት የላጥኩ ያህል እንባዬ ሲወርድ ወርቅነሽ ደግሞ ስለኔ ታለቅሳለች፤ የታክሲው ሹፌር ሰው ሞቶብን መስሎት እግዚአብሔር ያጽናችሁ አለን። ቤት ገብቼ አራት ሰዓት ያህል ተኛሁ። ስነቃ ማቃጠሉ የለም። ጣሪያውን አየሁ፤ ጥግ ላይ ድር፣ ድሩ ላይ ሸረሪት፣ ሸረሪቷ እግር አላት። ጮክ ብዬ ጣሪያሽ አልተጠረገም አልኳት። ወርቅነሽ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ግማሽ ላይ ደርሳ ምን እንዳልኩ ሲገባት ተቆጣች።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ የመጨረሻውን መስመር ሳላመነታ አነበብኩ። ዶክተር ሜላት ማዘዣውን ደረደረችልኝ። ጠብታ በሰዓቱ፤ ሳምንት ሙሉ ስተኛ የፕላስቲክ መሸፈኛ፤ ፀሐይ ላይ ጥቁር መነጽር። ዓይንን ማሸት ፈጽሞ ክልክል፣ የወንዝ ውኃ ለአንድ ወር ክልክል፣ አቧራ እንዳይገባበት መጠንቀቅ። ጋምቤላ ነው የምሄደው ስላት አቧራ የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ለምርመራ ሳምንት ቆይቼ ስሰናበታት እጄን ያዘችና ለልጁ ንገሪው አለችኝ። ይህ ማዘዣው ላይ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ችላ አልኩት።

ጋምቤላ ከአውሮፕላኑ ስወርድ ነፋስ ተነስቶ ሜዳው በሙሉ አቧራ ሆኗል። እኔ ትእዛዝ አክባሪ ነኝ። ጥቁር መነጽሬን አደረግሁ፣ ከሥሩ ዓይኔን ግጥም አድርጌ ጨፈንኩና ልትቀበለኝ የመጣችውን ኛጃልን እጄን ይዘሽ ምሪኝ አልኳት። መራችኝ። በመንገደኛው መካከል፣ በባጃጆቹ መካከል፣ ቀስ በይ፣ እግርሽን አንሺ፣ ድንጋይ አለ እያለች። ቤቴ በር ድረስም ባጃጁ ውስጥ አልገለጥኩም። መንገድ ላይ ሰላም ያሉኝን አንዱንም አልመለስኩም፤ ይህ ብቻውን ለከተማው በቂ ማስረጃ ነበር። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሳይሆን መቅደላዊት ዓይኗ ጠፋ ተብሏል።

መምጣት ጀመሩ። በዚህ አገር የታመመን ሰው ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ስለሆነ ሁሉም መጣ። ስኳር ይዘው፣ ማንጎ ይዘው፣ ለስላሳ ይዘው። አልጋዬ ላይ ጥቁር መነጽሬን አድርጌ ተቀምጫለሁ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አጥርቼ አይቼ አላውቅም፣ እነሱ ደግሞ ዕውር ነች ብለው ያለቅሱልኛል። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ሌላ ይገባና እንባ እንደ አዲስ ይጀምራል። በመሀሉም፣ ኃጢአቴን ልናዘዝ፣ ጣመኝ። አንዷ ጎረቤቴ እያለቀሰች መጋረጃዬን በጣቷ ፈትጋ ጨርቁን መረመረች። አንዱ የካርድ ክፍል ሠራተኛ እጁን ፊቴ ላይ ወዲያ ወዲህ አወዛወዘ። አቶ ያዕቆብ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ወለተሥላሴ ጋር መጥተው ደህናው ወንበር ላይ ተቀመጡና፣ ያን ዓርብ አዞረኝ ያልኳቸው የዚሁ ምልክት እንደነበር፣ እሳቸው ያኔውኑ እንደገባቸው ለሁሉ አስረዱ። ኛጃል ጥግ ላይ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትንቀጠቀጣለች፤ ሰው ሐዘን መስሎት ትከሻዋን ይደባብሳል።

ከዚያ መዘምራኑ መጡ። እማማ አባንግ ከፊት፣ ኦቻን ከኋላ። እሱ አልጋዬ ዘንድ አልመጣም፤ በሩ ላይ ቆመ። ስምንት እርምጃ ይሆናል። በስምንት እርምጃ ላይ ኦቻን ሁልጊዜ ጉም ነበር። አሁን ሰው ሆኖ ቆሟል፤ ከግራ ቅንድቡ በላይ ያለው ጠባሳ፣ የተነከሰው ከንፈሩ፣ ባርኔጣውን የሚጨምቁት ጣቶቹ። መሳቄ ቀረ።

ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ቤቱን ዙሪያውን አይቶ ተናገረ።

"ሁላችሁም ታውቃላችሁ" አለ። "እኔ እዚህ ከተማ ስመጣ ማንም አላየኝም። እሷ ብቻ ናት ያየችኝ። አሁን ዓይኗ ባይኖርም ምንም አይደለም። እኔ አይላታለሁ። ሽማግሌዎቹም ክረምቱ እስኪወጣ አይጠብቁም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይሄዳሉ።"

ቤቱ በሙሉ አነባ። እኔ ደግሞ ዝም ካልኩ ሁሉም ነገር እንዳለ እንደሚቀር በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ጠብታዬን ጨርሼ፣ በጸሎት ዳነች ተብሎ፣ ድል ባለ ሠርግ ላገባው እችላለሁ። ይህ ሰው ግን ዕውር ሴት ሊያገባ ቆርጦ በር ላይ ቆሟል። እንደዚህ ያለውን ሰው ዋሽቼ ካገባሁት ዕድሜ ልኬን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ጥቁር መነጽሬን አወለቅሁ።

"ኦቻን፣ አይሃለሁ" አልኩ። "ያኔ ነው የማላይህ የነበረው።"

አንዱንም ሳላስቀር ተናገርኩ። ቁጥሩን፣ የቦርሳዬን መነጽር፣ ስልጠና ያልኩትን፣ ሌዘሩን፣ አቧራውን፣ አዞውንም። መጋረጃዬን የፈተገችው ጎረቤቴ ቀስ ብላ እጇን ሰበሰበች። ኦቻን ከበሩ አልተነቃነቀም።

"ታዲያ ያን ቀን" አለ፣ "ያን የመጀመሪያውን ቀን ሰላም ያልሽው ማንን ነው?"

በጣቴ ደህናውን ወንበር አሳየሁ። "አቶ ያዕቆብን" አልኩ። "በማለዳ ባሮ ዳር ይሄዳሉ ብለውኝ ነበር።"

አቶ ያዕቆብ በጣም ደነገጡ። የማለዳውን ጉዞ ከተዉት ሦስት ዓመት እንዳለፋቸው ሳያስቡት ተናገሩ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ቀና ብለው ባላቸውን አዩ፤ በየማለዳው ስኒከራቸውን አድርገው የት እንደሚሄዱ ያን ማታ ቤታቸው ገብተው ሳይነጋገሩበት አልቀሩም። ኛጃል ከዚያ በላይ መያዝ አልቻለችም፣ ሳቋ አመለጣት። ሌላው ተከተላት። እማማ አባንግ ራሳቸው በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ያልሳቀ ኦቻን ብቻ ነው። ባርኔጣውን አደረገና ዞሮ ወጣ።

ጠብታ የለ፣ አቧራ የለ፣ ተነስቼ ተከተልኩት። ቤቱ በሙሉ ተከተለኝ። የግቢዬ በር ላይ ስደርስ እሱ መንገዱን ይዞ እየሄደ ነው። ስሙን ጠራሁ። ቆመ፣ ዞረ።

"ከዚህ ማን ነኝ?" አለኝ። "ያዕቆብ ነኝ?"

"ኦቻን ነህ" አልኩት።

ወደ ኋላው እየተራመደ እርምጃውን ቆጠረ። መለካት ሥራው ነው፤ ተናዶም ይለካል። ሃያ ላይ ቆሞ አሁንስ አለ። ኦቻን ነህ፣ የሸሚዝህ ሦስተኛ ቁልፍ የለም አልኩት። ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን አየ። አርባ ላይ ቆመ። ቅንድብህ ላይ ጠባሳ አለ፣ ተኮሳትረሃል አልኩ። ስልሳ ላይ አንድ ባጃጅ ጥሩንባ እየነፋ አልፎት ሹፌሩ ምን ሆነህ ነው አለው። ከኋላዬ ያሉት መዘምራን አብረው መቁጠር ጀመሩ። ሰማንያ። መቶ። ድምፁ መስማት እያቃተኝ እጁን ብቻ ያነሳል፤ እኔም ኦቻን ብዬ እጮሃለሁ።

መቶ ሃያ ላይ፣ የመንገዱ መታጠፊያ ዘንድ፣ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ግንብ ተደገፈ። ይበቃል ብሎ መሆን አለበት፤ ከዚህ ማንም አያየኝም ብሎ። ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀና ዓይኑን ጠረገበት። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ብቻውን ጉልበቱን መታ፣ አጎነበሰ፣ አፉን ከፍቶ ሳቀ፤ መልሶ ዓይኑን ጠረገ፣ መልሶ ሳቀ። ጥርሶቹን አየሁ። መዘምራኑ ምን እየሆነ ነው ይባባላሉ። እኔ አልተናገርኩም። የኔም እንባ ወረደ፤ ማሸት ክልክል ስለሆነ እንዲሁ ተውኩት፣ አገጬ ላይ ደርሶ ተንጠባጠበ።

ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣው። ባርኔጣው ቅንድቡ ድረስ ወርዷል፣ ፊቱ እንደ ዳኛ ተኮሳትሯል። ፊቴ ቆመና ጉሮሮውን ጠራረገ። ይህ ቀላል ነገር አለመሆኑን፣ በጣም እንዳዘነ፣ ይቅርታ ማድረግና አለማድረጉን ገና እንዳልወሰነ ነገረኝ።

"ሦስት ቀን ስጪኝ" አለ። "አስብበታለሁ።"

"ሦስት ቀን ምን ያደርግልሃል" አልኩት። "ሳምንት ሙሉ አስብበት።"